ፋዮ የወጣችበት ፍጻሜ

ሠርካዲስ የጌጃ ሰፈር ታዳጊ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ናት። አንዲት ደንብ ለማስጸደቅ ስምንት ወር ፈጅቶባታል፤ ጭንቅላቷን የተመታች ልጅ የዚያን ቀን ከሜዳ ትወጣለች፣ ያለ ሐኪም ወረቀትም አትመለስም። የቡድኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ወንድምአገኝ ወረቀቱን ሳያነቡ ነበር የፈረሙት።

የፍጻሜው ዕለት አንድ ለአንድ ሆነው ሃያ ደቂቃ ሲቀር የማዕዘን ምት ተሻማ። አጥቂዋ ፋዮ በቴስታ ልትመታ ስትዘል ከተጋጣሚው ቡድን ተከላካይ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጨች። ትንሽ ተኝታ ቆየችና ተነሥታ አቅጣጫው ተምታቶባት ወደ ራሷ ቡድን ጎል መሄድ ጀመረች።

ሠርካዲስ ዳኛውን አስፈቅዳ ገባች።

«ፋዮ፣ ስንት ለስንት ነን?»

«ዜሮ ለዜሮ።»

«ጎሉን ማን አገባው?»

«የቱን ጎል?» አለች ፋዮ። ያገባችው ራሷ ነበረች።

ሠርካዲስ ክንዷን ደግፋ አወጣቻትና በእሷ ቦታ ተቀያሪዋን ሃኒን አስገባች። ወዲያው የፋዮ አባት ሙለታ የሜዳውን ገመድ ተሻግሮ መጣ።

«ምን ሆነችና ነው የምታስወጫት? ደም የለ፣ ስብራት የለ!»

«ራሷ ያገባችውን ጎል አታስታውስም፣ አቶ ሙለታ።»

«ደንግጣ ነዋ!»

ጋሽ ወንድምአገኝም ደረሱ። «ሠርኬ፣ አሥር ደቂቃ ትረፍና ትመለስ። ዋንጫ እኮ ነው።»

«እርስዎ የፈረሙበት ደንብ ነው።»

«እሱ ለልምምድ ነው እንጂ ለፍጻሜ ነው እንዴ?»

ፋዮ ራሷ «ደህና ነኝ፣ አስገቢኝ» እያለች ታለቅሳለች። ሠርካዲስ ግን አላስገባቻትም። ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ወላጆቹ ሰላም ሳይሏት አለፉ።

ሠርካዲስ ከፋዮ እናት ከእንዳለች ጋር ሆና ልጅቷን በታክሲ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። መንገድ ላይ አስመለሳት። ሐኪሙ መርምሯት አንጎሏ መናወጡን ነገራቸው፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ኳስ እንዳትነካ አዘዘ።

ሠርካዲስ ነገሩ በዚህ የሚያበቃ መስሏት ማክሰኞ የሐኪሙን ወረቀት ኮሚቴው ፊት አስቀመጠች።

«ልጅቷ ደህና ናት አይደል? ታዲያ ምን ተፈጠረ?» አሉ ጋሽ ወንድምአገኝ።

«ደህና የሆነችው ስለወጣች ነው!»

«እሱን በምን አወቅሽ?»

ያልደረሰ ጉዳት እንደ ሐኪሙ ወረቀት ማስረጃ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ኮሚቴው ከዚህ በኋላ በፍጻሜ ጨዋታ ተጫዋች የሚወጣው በእሱ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ሠርካዲስ ቃለ ጉባኤው ላይ አልፈርምም ብላ ተነሣች። ቡድኑን ልትተወው አሰበች፤ ግን እሷ ከሄደች ማን ነው የተመታችውን ልጅ የሚያስወጣት?

ቅዳሜ ወላጆችን በሙሉ ሜዳው ላይ ጠራች። ከሃያ ሁለት ልጆች ወላጆች የመጡት ሦስት እናቶች ብቻ ናቸው። የአንጎል መናወጥ ምልክቶችን አንድ በአንድ አስረዳቻቸው፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መርሳት፣ መደናገር።

«የፍጻሜ ጨዋታ ቢሆንስ?» አለች እንዳለች።

«ቢሆንም።»

«ኮሚቴው እምቢ ቢልስ?»

«እናንተ ገብታችሁ ልጆቻችሁን ታወጣላችሁ። የጠራኋችሁ ለዚህ ነው።»

«እኔስ አወጣታለሁ። ሙለታ ግን እስከ ዛሬ ‹ዋንጫውን ያሳጣችን አሰልጣኟ ናት› ይላል። እሱን አንቺ ራስሽ አሳምኚልኝ።»

«አሁን የት ነው?»

«ሰንጋ ተራ፣ ሱቁ።»

«ተነሺ፣ እንሂድ» አለች ሠርካዲስ ቦርሳዋን እያነሣች።