ፓይተንና ጎ በካውያው ጠረጴዛ ላይ

ታላቅ ወንድሜ እንደሚለው ጥፋቱ የእህታችን ነው። አንድ ጠበቃ ለእጥበት ያመጣውን ካባ ስትመዘግብ የቲኬቱን ቁጥር «047» ብላ ከነዜሮው ጻፈች። ጠበቃው በስልኩ «47» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ የሠራው የልብስ መጠየቂያ ፕሮግራምም ፈልጎ ሲያጣ «እንዲህ ያለ ልብስ እኛ ዘንድ የለም» ብሎ በትሕትና መለሰለት።

የእህቴ ባል እንደሚለው ደግሞ እህቴ ያጠፋችው ነገር የለም። ጥፋተኛው ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ፣ ፓይተን ነው፤ ቁጥር መሆን የሚገባውን ነገር ጽሑፍ አድርገው ቢሰጡት ሳይጠይቅ ይቀበላል። እሱ በሚወደው፣ «ጎ» በሚባለው ቋንቋ ቢሠራ ኖሮ ግን ቋንቋው ራሱ፣ ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር፣ እምቢ ይል ነበር።

ሁለቱም ያልካዱት፣ ጠበቃው ችሎት ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው ላቡን እየጠረገ መጥቶ ካባው ፊት ለፊቱ ተሰቅሎ ማግኘቱን ነው።

እህቴ ላውንድሪ አላት። ስልኳ በቀን ስልሳ ጊዜ ይጮኻል፤ ስልሳውም ጊዜ «ልብሴ ደረሰ ወይ?» ነው። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ሰክታ ስትተኩስ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሸሚዝ አቃጥላለች። ሦስተኛ ከተጨመረ ስሟ እንደሚጠፋ ታውቃለች። ስለዚህ ደንበኛው ቁጥሩን አስገብቶ መልሱን ራሱ የሚያይበት ትንሽ የድረ ገጽ አገልግሎት ፈለገች። ወንድሜ በሁለት ቀን በፓይተን ሠራላት። ያ የካባው ነገር ሲመጣ ባሏ ያንኑ በ«ጎ» ልሥራው ብሎ አሥር ቀን ፈጀ። ሁለቱም ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው፤ ችግሩ ማወቃቸውንም ማወቃቸው ነው።

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ይለዋል የእህቴ ባል።

«ያንተ እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ሰዉ ያለ ሱሪ ይከርማል» ይለዋል ወንድሜ።

እሑድ ሱቁ ዝግ ስለሆነ ላፕቶፖቻቸውን ካውያው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሊያወዳድሩ ተቀመጡ። መጀመሪያ ፍጥነት ለኩ። የጎው በሰከንድ ሃያ ሺህ ጥያቄ መለሰ፤ የፓይተኑ ሁለት ሺህ። የእህቴ ባል እጁን አጣምሮ ወደ ኋላው ተደገፈ። እህቴ ኮት እየሰቀለች ስትሰማ ቆየችና፣ በሰከንድ ሁለት ሺህ ሰው ልብሱን ከጠየቃት በጓሮ በር ወጥታ እንደምትጠፋ ነገረቻቸው። ወንድሜ ተራውን የእሱ ፕሮግራም ሰባ መስመር፣ የአማቹ ግን ሦስት መቶ መስመር መሆኑን ቆጥሮ አሳየ። መስመር ቆጥሮ የሚገባ ደንበኛ እስካሁን እንዳላጋጠማት ነገረችው።

ከዚያ የራሷን ጥያቄ አመጣች፤ ሲበላሽ ማን ነው የሚያስተካክለው? ወንድሜ ማክሰኞ ወደሚሠራበት ከተማ ይመለሳል። ባሏ መሥሪያ ቤት ውሎ የሚገባው ሲመሽ ነው። ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ኮሌጅ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው፤ ቀን ቀን ባንኮኒው ላይ ልብስ እቀበላለሁ። ከሁለቱም ቋንቋ የማውቀው እነሱ በየተራ ያስተማሩኝን ነው።

እህቴ ሁለቱንም ወደ ጓሮ አስወጣችና ከውስጥ ቆለፈችባቸው። ለእኔ አንድ ሥራ ሰጠችኝ፦ ከልብሱ ላይ ቁልፍ ከጎደለ ስንት እንደጎደለ ደንበኛው እንዲያይ፣ ያንን በሁለቱም ፕሮግራም ላይ መጨመር።

በፓይተን ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሁለት ቁልፍ በጎደለው ሸሚዝ ሞከርኩት፣ ሠራ። ወንድሜ በመስኮቱ አይቶኝ አውራ ጣቱን ቀሰረ። ወደ ጎ ስዞር ግን መከራዬን አየሁ። ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ሰጠሁት፣ እምቢ አለ። አስተካከልኩ፤ «ኮዱ ውስጥ አንድ የቁጥር መያዣ ስም ፈጥረህ አልተጠቀምክበትም» ብሎ ቆመ። ሰባት ጊዜ ተቆጣኝ። አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆነኝ ተቀበለኝና እሱም በዚያው ሸሚዝ ላይ ሠራ።

እህቴ የቲኬቶቹን ጥራዝ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ባለፈው ሳምንት የገቡትን ልብሶች አንድ በአንድ ታስገባ ጀመር። በጎው ሁሉም በትክክል መጡ፤ ያልተጻፈውን ቁጥር ጎ ራሱ ዜሮ ብሎ ይወስደዋል። በፓይተኑ ገና የመጀመሪያውን ስታስገባ ገጹ ስህተት አውጥቶ ቆመ። ድሮ የተመዘገቡት ልብሶች ስለ ቁልፍ የተጻፈባቸው ነገር የለም፤ እኔ ደግሞ ባይኖርስ ብዬ አላሰብኩም ነበር። የሞከርኩት በዚያ በአንዱ ሸሚዝ ብቻ ነው።

በሩ ሲከፈትላቸው ወንድሜ ኮዱን አየና ሳቀ። አንድ መስመር ጨምሮ በግማሽ ደቂቃ አስተካከለው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የፓይተን አለመሆኑን አስረዳ፤ እውነቱን ነው፣ እኔም መሰከርኩለት። የእህቴ ባልም ለአንድ ቁልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ መፍጀት የሚያኮራ ነገር እንዳልሆነ አመነ። ይህን ሲል ወደ ሚስቱ አላየም።

እህቴ ጥራዙን ዘጋች።

«ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ደግሞም ያጠፋል» አለችው ወንድሜን፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች። «ያኔ አንተ የለህም። ሰው ፊት ከሚያዋርደው ቋንቋ ጓዳ ውስጥ የሚቆጣው ይሻለኛል።» ወደ ባሏ ዞረች። «ባሌ ስለሆንክም አይደለም፤ አንተማ አሥር ቀን ሙሉ አስጠብቀኸኛል። በቃ፣ ከነገ ጀምሮ በጎ የተሠራውን እንይዛለን።»