የተሸናፊው ሹመት

ሕዝቅያስ ገዢውን ፓርቲ ተቃውሞ ለክልሉ ምክር ቤት በግል ሲወዳደር ቢሮው የእህቱ የምሕረት ምግብ ቤት ነበር። ፒያሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች፣ በምሳ ሰዓት የመንግሥት ሠራተኛ የሚሞላት ቤት ናት። ግድግዳዋ በሕዝቅያስ ፖስተር ከተሸፈነ በኋላ ግን ሠራተኛው አንድ በአንድ ወደ ማዶው ቤት ተሻገረ። ምሕረት ፖስተሩን አላነሣችም። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ሲናገር ስትሰማው ትኮራ ነበር። መናገሩንስ ያውቅበታል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ በኩል ደግሞ አቶ ሽፈራው የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩለት። ግቢያቸው ስብሰባ ሲጠራ በግ አረዱለት። በምርጫው ዕለትም የእሱ ታዛቢ ሆነው፣ ቆጠራው እስኪያልቅ ከጣቢያው ንቅንቅ አላሉም። ሕዝቅያስ "የእነሱን እንጀራ ከምበላ አፈር ብበላ ይሻለኛል" ብሎ የማለው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ሰዉም አጨበጨበለት።

ተሸነፈ፤ ያውም በሰፊ ልዩነት። ድምፄ ተሰረቀ ብሎ ጋዜጠኛ ጠራ፣ አቤቱታ አስገባ፣ ጢሙን ሳይላጭ ሰነበተ። ከዚያ ስልኩ መጮህ ጀመረ፤ እሱም በጮኸ ቁጥር ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ መውጣት ለመደ። አዲሱ ምክር ቤት ሹመት ሲያጸድቅ ምሕረት እንደ ማንኛውም ሰው በቴሌቪዥን አየችው። ወንድሟ ተላጭቶ፣ አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ የአንድ ቢሮ ምክትል ኃላፊ ሊሆን ይምላል። አቤቱታውን ቀደም ብሎ መተዉን የሰማችው በኋላ ነው።

በማግሥቱ መጥቶ አስረዳት። ትግል ከውስጥም እንደሚካሄድ፣ አገር በጩኸት እንደማትገነባ፣ ብስለት ማለት ይኸው እንደሆነ ነገራት። ሁሉንም የተናገረው በዚያው በቅስቀሳ ድምፁ ነው። ምሕረት ለአቶ ሽፈራው ደውሎላቸው እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው። እደውላለሁ አላት።

አልደወለም። አቶ ሽፈራው ግን ተቸግረው ነበር። ታዛቢ በመሆናቸው የቀበሌው ሰዎች ቂም ይዘው ማዳበሪያ ከለከሏቸው፤ የዘር ጊዜው ደግሞ እያለፈ ነው። የሕዝቅያስን ሹመት ሲሰሙ ከልባቸው ደስ ብሏቸው ቢሮው ሄዱ። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። ደግመው ሄዱ፤ መስክ ወጥተዋል ተባሉ። መሄጃ ሲያጡ ምሕረት ዘንድ መጡ። ሕዝቅያስ ሐሙስ ለምሳ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ ብሎ መልእክት ልኮላት ስለነበር፣ ሐሙስ እዚሁ ይምጡ አለቻቸው።

ሐሙስ ሕዝቅያስ ከሦስት ሹማምንት ጋር ገባ። አቶ ሽፈራው ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። እሱ የጣቱን ጫፍ አስነክቷቸው አለፈ። ከእንግዶቹ አንዱ ሰውዬው ማን እንደሆኑ ጠየቀው።

"የእህቴ ደንበኛ ናቸው" አለ ሕዝቅያስ።

ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። ምሕረት ሁሉንም ሰምታለች። ሕዝቅያስ ያዘዘው ዶሮ ደርሶ እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ሽታው እስከ በር እያወደ፣ "ለእናንተ የሚሆን ምግብ የለም" አለችው።

ጓዳ ድረስ ተከተላት። የቢሮው ስብሰባ ምሳ ሁሉ በእሷ ቤት እንዲሆን ሊያደርግላት እንዳሰበ፣ የራሷን እንጀራ በገዛ እጇ እየገፋች እንደሆነ በሹክሹክታ ነገራት።

"መሾምህን ችዬው ነበር" አለችው። "እኚህን ሰው ካድ ብሎ ግን ማንም አላስገደደህም።"

እንግዶቹን ይዞ ወደ ማዶው ቤት ተሻገረ። ዶሮው ለአቶ ሽፈራው ቀረበ፤ እሳቸው ግን አልበላላቸውም። ምናልባት ሰው ፊት አፍሮ ይሆናል እያሉ ይከራከሩለት ጀመር። ይህ ምሕረትን ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት። አቶ ሽፈራው ከጎረቤት ለምነው ባገኙት ማዳበሪያ ግማሹን መሬት ዘሩ፤ ግማሹ በዚያው ጾሙን አደረ።

ሕዝቅያስ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። የመንግሥት ሠራተኛው ግን ሁሉም ተመለሰ፤ የተሿሚ እህት ቤት ነዋ። ጎንበስ ብለው ሰላም ይሏታል፣ ለወንድምሽ ንገሪልን ይሏታል፣ ጉርሻም ይተዉላታል። ታበላቸዋለች። ቀና ብላ ግን አታያቸውም።