የኢንጂነሩ ጎሚኒዎች

ሰውየው አርባ ዓመት ሂሳብ ያስተማረ ጡረተኛ ነው። ኢንጂነር የሚለውን ማዕረግ የሰጡት የሚስቱ ወንድሞች ናቸው፣ ያውም ለቀልድ፤ አንድ ነገር ፈትቶ መልሶ ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ዳዶ ስለሚተርፈው። እሱ ግን አይከፋም። እንዲያውም ውስጥ ውስጡን ይወደዋል።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት፣ ግቢው ውስጥ በክሪክ ካነሳት አሮጌ ፎርዊል መኪናው ስር በጀርባው ተኝቷል። የመኪናዋን ክብደት የሚሸከሙት ባሊስትራዎች ጎሚኒ፣ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መሃል የሚገባው ላስቲክ፣ ተበልቶ አልቋል። የገጠመው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሱ ነው፣ ገና የዛሬ ሁለት ወር፣ አዲሱን ከነማሸጊያው አውጥቶ።

ሰኞ ሚስቱ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት። ወገቧን ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ሦስት ወር ሆኗታል፤ መንገዱ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ኮረኮንች ነው። ትናንት፣ "ሁለተኛ እዚያ መኪና ላይ አልወጣም፤ ቀጠሮውም ይቅር" ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ አልተማረረችም። ጎሚኒውን የቀየረ ሰሞን "እጅህ ይባረክ፣ መኪናዋ በጣም ተሻላት" ብላው ነበር፤ እሱም አምኗል። ዛሬ መቀመጫዋን ሊጠርግ ሲገባ ግን ከበሩ በላይ ያለውን የእጅ መያዣ አየ። ልባሱ በአራት ጣቶቿ ልክ ተልጧል። ለካ መንገዱን ሙሉ በእጇ ተንጠልጥላ ነው የምትሄደው።

እሷ በረንዳው ላይ በትራስ ተደግፋ ታየዋለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰው ሲሠራ ዝም ብሎ ማየት አይሆንላትም። እኩለ ቀን ላይ አሮጌዎቹን በሞርሳ አስወጥቶ፣ አዲሶቹን ሳሙና ቀብቶ አስገብቶ፣ ቡሎኖቹን ሊያጠብቅ ቁልፍ ሲያነሳ ጠራችው።

"አንተ ሰው፣ ያኔም እንዲህ አንጠልጥለህ ነው ያጠበቅከው?"

"ታዲያስ? ካልተነሳች በየት በኩል ልግባ?"

"እኔ እጅጌ ስለካ ደንበኛዬን እጅ ወደ ላይ አላሰኝም። እጁን ሰቅሎ የተለካ ሰው፣ ሲያወርደው ልብሱ ብብቱ ስር ይጨማደዳል። ያ ላስቲክስ መኪናዋ ስትወርድ አይጠማዘዝም?"

"አውቃለሁ" ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ባሊስትራው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አንድ ማዕዘን አለው፤ ክብደት ሲያርፍበት ሌላ። ላስቲኩን በመጀመሪያው ማዕዘን ጠርቅሞ ካሰረው፣ መኪናዋ ቆማ እንኳ እንደተጠማዘዘ ነው የሚውለው፤ በየጉድጓዱ ደግሞ ይቀደዳል። አርባ ዓመት ስለ ማዕዘን ለሰው ልጅ ያስተማረው እሱ ነው እንግዲህ። አፈር አፉ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሳቀ።

ቡሎኖቹን በእጁ ብቻ አስይዞ ጎማዎቹን ገጠመ፤ ክሪኩን አወረደ። መኪናዋ በእግሯ ከቆመች በኋላ እንደገና ከስር ተስቦ ገብቶ አንድ በአንድ አጠበቃቸው። ሲወጣ መሬቱን አየ። የተረፈ ዳዶ የለም።

"መያዣውን አይቼዋለሁ" አላት እጁን እየታጠበ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያኔ ስትሠራ ጣቶችህ ቆሳስለው ነበር። እንደ ልጅ ደስ ብሎህ ስታየኝ ምን ልበልህ?"

ከዚህች ሴት ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት በመኖሩ ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ቀጥሎ እሷን። "ተመስገን። አንቺም ተመስገኚ" ብሎ ግንባሯን ሳማት። "ሰኞ አንዴ ብቻ ሞክሪልኝ።"

ሰኞ መኪናዋ ላይ ወጣች። ገና ሳይነሱ እጇ በልማዱ መያዣውን ጨበጠ። እሱ ጆሮውን ቀስሮ ነዳ። ኮረኮንቹ ላይ ያ የለመዱት ኳኳታ የለም። ድልድዩን ሲሻገሩ ዞር ቢል መያዣው ባዶ ነው። ደነገጠ። እጇ ጭኗ ላይ ወርዷል፤ አፏን በትንሹ ከፍታ ተኝታለች።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሞተሩን አጠፋ። ጥበቃው መጥቶ መስኮቱን ሊያንኳኳ ሲል፣ እሱ ቀድሞ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ወረደ።

"አባቴ፣ እዚህ መቆም አይቻልም።"

"አምስት ደቂቃ ብቻ ታገሰኝ፣ ልጄ" አለው በሹክሹክታ። "በዚህ መንገድ ስትመጣ እንቅልፍ ሲወስዳት ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።"

ጥበቃው በመስታወቱ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ከኋላ የመጣውን መኪና በሌላው በር እንዲገባ ሊነግረው ሄደ።