የቨርና ቤት እንዴት ተነቀለ

ቨርና ታትል ከእኔ ፊት ለፊት፣ በተወለደችበት ቤት ሰባ አንድ ዓመት ኖረች። ቤቱን የሠሩት አናጢው አያቷ ናቸው። ትልቅ አልነበረም። ግን የበረንዳው ምሰሶዎች ከወንዝ በተለቀመ ድንጋይ የተካቡ፣ ጣሪያው ወደ ውጭ ሰፋ ብሎ ጥላ የሚጥል፣ የሳህን ቁምሳጥኑ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ነበር። አያቷ ምስማር ስለሚጠሉ እንጨቱን በእንጨት ችንካር ነው ያያያዙት።

ኤቨረት የሚባል ሰው ደግሞ በከተማችን በፓሳዴና የጥንት ቤቶች እንዳይፈርሱ የሚጠብቀው የሰፈራችን ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እየመጣ የቤቷን እያንዳንዱን ጣውላ በእርሳስ ይስላል፤ ቨርና የሎሚ ኬክ ትቆርስለታለች። ጉልበቷ ሲደክም ቤቱን አፍርሶ አፓርትማ ሊሠራ የፈለገ ነጋዴ መጣ። እሱን አባረረችና ቤቱን ለኤቨረት በርካሽ ሸጣለት ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረች።

«አንዲት ጣውላ አልነካም» አላት። «ይህ ቤት ለእኔ እንደ እናት ነው።»

ቤቱ በተሸጠ በአራተኛው ወር የጭነት መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሠራተኞች ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ፈልቅቀው ሲያወጡ አየሁና ደወልኩላት። ምርኩዟን ይዛ በታክሲ ደረሰች።

«ምን እያደረግህ ነው ኤቨረት?»

«አይደንግጡ። አንድ ሀብታም ኮረብታው ላይ ቤት እያሠራ ነው፤ ሁሉም እዚያ በክብር ይቀመጣል። አዳንኩልዎት እኮ!»

«ቆዳውን ገፍፈህ በሬው ድኗል ትለኛለህ?»

የሠራተኞቹ አለቃ የሚነቀለውን የሚያይበት ወረቀት በእጁ ነበር። ተቀበለችው። የኤቨረት የእጅ ሥዕል ነው። ከሥሩ የሀብታሙ ስም ተጽፏል፤ የተጻፈበት ቀን ከአራት ዓመት በፊት ነው።

«አራት ዓመት!» አለች። «ነጋዴውስ በግልጽ አፈርሰዋለሁ ብሎ ነው የመጣው። አንተ ማዕዴ ላይ ተቀምጠህ ቤቴን ለገዢ ስትለካ ኖርክ?»

«የተፈራረምነው በሕግ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ወረቀቱን ይዛ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቆማ አነበበችው። ኤቨረትን በዚያው ቀን አባረሩት። የተወሰደው ግን አልተመለሰም፤ የቀረው የቤቱ ቅርፊትም በመጋቢት ፈረሰ።

እኔንም ዓመት ሙሉ አላናገረችኝም። ኤቨረትን «ጨዋ ሰው ነው» ብዬ በሯ ድረስ የወሰድኩት እኔ ነኝና አልፈርድባትም። አሁን ስደውልላት ታነሳለች፤ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፤ ስለ ራሷ ግን ምንም አትነግረኝም።