የእማዬ ጥርስ

ወንድማቸው ለሁለቱም እህቶች ለየብቻ ደውሎ፣ «እማዬ ባሕር ማየት አምሯታል፤ አንቺ ካልመጣሽ አልሄድም ብላለች» አላቸው። እትዬ ሻንጣዋን እየጎተተች ደሴቲቱ ላይ ከጀልባ ስትወርድ፣ ታናሿን ሚጡን የእናታቸውን ክንድ ይዛ ቆማ አገኘቻት። የሚመለስ ጀልባ ቢኖር ያኔውኑ በተሳፈረች። ለእናቷ ስትል ዋጥ አደረገችው።

እህትማማቾቹ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመታት አልፈዋል። አባታቸው የሞተው እትዬ መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ውጭ ልኳት ሳለ ነው። በደወለች ቁጥር ስልኩን የምታነሳው ሚጡ ነበረች፤ «ተኝቷል»፣ «አሁን ገና ወጣ» ትላታለች። እትዬ ለአባቷ የገዛችውን ሹራብ ይዛ ቤት ስትገባ፣ ከተቀበረ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ሚጡ ላይ ጥርሷን እንደነከሰች ነው፤ ቢገናኙም ሰላምታዋ በአገጭ ብቻ ነው።

ወንድማቸው ተንኮሉን አስቀድሞ ጨርሶታል። እሱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሆቴሉ መዋኛ ገንዳ አጠገብ ሲያርፍ፣ ሦስቱን ሴቶች ባሕሩ ዳር ባለች አንዲት የሣር ክዳን ቤት አስገባቸው። እትዬ በሩ ጋ ያለውን አልጋ ያዘች፣ ሚጡ መስኮቱ ጋ ያለውን፤ እማዬ መሃል ገባች። «መብራቱን የሚያጠፋ ካለ ያጥፋው» ትላለች አንዷ፣ ለጣሪያው።

በማግስቱ እማዬ ባሕር ልግባ አለች። ውሃው ጉልበቷ እንኳ ሳይደርስ እንደ ልጅ ትስቅ ጀመር። የሳቀችበት አፍ ሳይከደን ማዕበል ከኋላ መጥቶ ደፋት። ልጆቿ ግራና ቀኝ ብብቷን ይዘው ሲያነሷት ደህና ናት፤ ግን አፏን በእጇ ሸፍናለች። ሰው ሠራሽ ጥርሷ የላዩም የታቹም የለም።

አሸዋውን ሲዳብሱ ዋሉ። የዋናተኞቹ ጠባቂም ጠልቆ ፈለገላቸው፤ ይዞ የወጣው የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ እግር ጫማ ነው። የወንድማቸው ሚስት፣ ይኼኔ አንዱ ዓሣ ይስቅበታል አለች።

እማዬ ድዷን ይዛ ምግብ አዳራሽ ሰው ፊት አልቀርብም ስላለች፣ እህትማማቾቹ ተራ ገብተው ሾርባና የተፈጨ ድንች ያመላልሱላት ጀመር። ትልቁ ችግር ንግግሯ ሆነ። ያለ ጥርስ የምትለው ሁሉ ለእትዬ የውሃ ጉርጉርታ ነው። አብራት የምትኖረው ሚጡ ግን ለምዳዋለችና አንዲት ቃል አታመልጣትም። እትዬ እንደገባው ሰው ራሷን እየነቀነቀች ውሃ ሲሏት ትራስ ማቀበል፣ ትራስ ሲሏት መስኮት መክፈት ሆነ ሥራዋ። ኩራት እራት ነው ቢባልም ለእናት ጥም ውሃ አልሆነም።

«ምን አለች?» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

«ሻርፔን አቀብሉኝ ነው የምትለው።»

ከዚያ ወዲያ «ምን አለች» የቤቱ ቋንቋ ሆነ። ሚጡም ሳትጨምር ሳትቀንስ ትመልስላታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለና ቤት ዋሉ። እማዬ ሾርባዋን አጋምሳ ሳህኑን ገፋ አደረገችና፣ እትዬን ትክ ብላ እያየች ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ሚጡ የምታጥፈውን ፎጣ እንደያዘች ቀረች።

«ምን አለች?»

ሚጡ ፎጣውን አጥፋ ጨረሰች። «ሾርባው ቀዝቅዟል ነው የምትለው።»

የእትዬ ጆሮ ግን ሳታውቀው ለምዶ ኖሯል። እናቷ ያለችው፣ «አትንገሪያት ብዬ ያስማልኳት እኔ ነኝ፤ ሥልጠናሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ብዬ» ነው።

እትዬ ሳህኑን አንስታ ወጣች። ወጥ ቤቱ በረንዳ ላይ ሾርባው እስኪሞቅ ቆማ፣ የስንት ዓመት ንዴቷን ወዴት እንደምታዞረው ግራ ገባት፤ ጥርስ በሌላት እናት ላይ ጥርስ አይነከስ ነገር። ምግብ አብሳዩ ሌላ የምትፈልጊው አለ ወይ ሲላት፣ አንድ ሳህን ጨምርልኝ አለችው።

አንዱን ለእናቷ ሰጥታ ሌላውን ሚጡ ፊት አስቀመጠች።

«ምሳ አልበላሽም። ብይ።»

ሚጡ ሳህኑን አየች፣ ከዚያ እህቷን። «ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። አንቺስ ይህን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«እናትሽን ከምትጠዪ እህትሽን ብትጠዪ ይቀልሻል ብዬ ነው።»

እትዬ ሄዳ አጠገቧ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ በአንድ ሳህን ሾርባ አላለቀም። እስኪመሽ ተነታረኩ፤ ሁለቴ ተኮራረፉ። እትዬ ስለ አባቷ የመጨረሻ ቀናት እስከ ዛሬ ያልጠየቀችውን ሁሉ ጠየቀች፤ ሚጡም ምን ይበላ እንደነበር፣ ማንን ይጠራ እንደነበር አንድ በአንድ ነገረቻት። እማዬን በመሃሉ እንቅልፍ ወሰዳት።

በመመለሻው ቀን ጀልባው ላይ ወንድማቸው ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያይ ደረቱን ነፋ። «አላልኩም? መድኃኒቱ አንድ ቤት ውስጥ መዝጋት ነው» አለ ለሚስቱ። ሦስቱም ሴቶች ሰምተውታል፤ ያረመው የለም።