የሳሙና ጥርስ

«ያንን አፍ ዝጉልኝ፣ ሰው ቁርስ ላይ ነው» ያለኝ የጥርስ ሕክምና መምህሩ ዶክተር ኡርኪዲ ነው። ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ሐምሌ ውስጥ፣ በሽታው ከተማችንን ኮቻባምባን በየቤቷ የቆለፈበት ዓመት። ፊት ለፊት ቢለኝ እንኳ አንድ ነገር ነው። በስልክ መስኮት ውስጥ ሆኖ፣ ዳቦውን እየገመጠ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ እየሰማው ነው ያለኝ። ስልኩን የያዘችልኝ ኖኤልያ ሳቀች። ሳቋ እጇን ሲያንቀጠቅጠው አይቻለሁ።

እኔ የኪያኮዮ መስመር ወያላ ነበርኩ፤ የምበላው በአፌ ነው። ኖኤልያ ደግሞ የጥርስ ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። እዚያ ትምህርት ቤት የሚታከም አፍ ፈልጎ የሚያመጣው ተማሪው ራሱ ነው፤ ሰው ያላገኘ አያልፍም። መናኸሪያ ድረስ መጥታ «ዶን ሴፌሪኖ፣ ጥርስዎን ይስጡኝና ጥርስ ልስጥዎት» አለችኝ። በነፃ ነው፣ አለች። የላይኞቹ አራቱ የፊት ጥርሶቼ በልዘው ስለነበር እሺ አልኩ። መምህሯ አጠገቧ ቆሞ እያያት ነቀለቻቸው። እጇ ቀላል ነበር፣ አልክድም። የድዴን ልክ በሮዝ ሊጥ ወሰደችና ቁስሉ ሲደርቅ አዲሶቹ ይገባሉ አለችኝ። ቁስሉ ሳይደርቅ በሽታው መጣ። በሩ ተዘጋ፣ ትምህርቱም ስልክ ውስጥ ገባ።

ያን ሰኞ እቤቴ የመጣችው ለፈተና ነው። ቤተ ሙከራው ስለተዘጋ ሁሉም ተማሪ በየጓዳው ጥርስ የሚቀርጸው ከልብስ ሳሙና ነበር። የእኔንም አራቱን ከሳሙና ቀርጻ አመጣች። ዶክተሩ ከሰደበኝ በኋላ፣ እሷም ሳቋን ከጨረሰች በኋላ፣ ሳሙናውን ድዴ ላይ ለጠፈችው።

«እንዳይነክሱት፣ ዶን ሴፌሪኖ። ውጤቴ ነው።»

አልነከስኩም። ምራቄ አረፋ እየሆነ በአገጬ ወረደ። ዶክተሩ ስልኩን ወዲህ በይው፣ ወዲያ በይው እያለ ጠየቃት፤ መለሰች፤ ዘጠና ሰጣት። እውነተኛው መቼ ነው ስላት የስልኩን ድምፅ ዘግታ ጆሮዬ ስር መጣች።

«ሲከፈት፣ አባቴ። ከሁሉም በፊት የእርስዎን ነው የምሠራው።»

አመንኳት። መንገዱ ሲከፈት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ የፊት ጥርስ የሌለው ወያላ ግን ሲጣራ ነፋስ ነው የሚወጣው። ሾፌሩ ሮሙሎ በሰው ፊት «ጎማው ነው የተነፈሰው ወይስ አንተ ነህ?» ይለኝ ነበር። ተሳፋሪው ይስቃል። ሲሰለቸው በሩን ለሌላ ሰጠው። አሁን ላ ካንቻ ገበያ ድንች አወርዳለሁ። ድንች ጥሩልኝ አይልም።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በማግስቱ ሄድኩ። ኖኤልያ ተመርቃለች አሉኝ። እሺ፣ የእኔ ጥርስስ? የመዝገብ ቤቷ ሴት ኮምፒውተሯን አየች፣ ከዚያ አፌን አየች።

«የእርስዎ እኮ ተሠርቶ አልቋል ይላል» አለችኝ።

አዲሶቹ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ሰው የጀመረውን አፍ አይቀበሉም። ውጤት የለውማ።

ባለፈው ሳምንት በሳን ማርቲን መንገድ ስወርድ ትልቅ ነጭ ጥርስ የተሳለበት ማስታወቂያ አየሁ። ከሥሩ ስሟ። ራሷም ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ መረቅ የሞላበት የሳልቴኛ ሳምቡሳ እየበላች በሩ ላይ ቆማለች። አፌን በእጄ ሸፍኜ ላልፍ ስል ለየችኝ። ደስ ብሏት ነበር፤ ያቃጠለኝም ደስታዋ ነው። ወረፋ ለሚጠብቁት ሰዎች «እኚህ ናቸው ያስመረቁኝ» አለቻቸው። ከጀርባዋ ወንበሩ ይታየኛል፤ አዲስ፣ ሰማያዊ፣ መብራቱ የበራ። እዚያ ላይ ብጋደም ሮሙሎ በሩን ይመልስልኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። እግሬም አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄደ።

«ይግቡ እንጂ፣ ዶን ሴፌሪኖ» አለች፣ የሳልቴኛውን መረቅ ከጣቷ እየላሰች። «ለእርስዎማ በግማሽ ዋጋ ነው የምሠራልዎት።»

ፊቴን ወደ ገበያው አዞርኩ። ያልሰማሁ መስሏት ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። እኔ መንገዴን ቀጠልኩ።