ስልኬ «ናፍቀሽኛል» ያላቸው ሰዎች

1.

«ናፍቀሽኛል። ፎቶዬን እዚህ ተጭነሽ እዪ።»

ይህ መልእክት ከእኔ ስልክ ተነሥቶ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር አቶ ሁንዴ ዘንድ ደረሰ። አቶ ሁንዴ ባለ ሙሉ ሪዝ ሰው ናቸው።

2.

ስም፦ ሀብተየስ
ሥራ፦ የአማርኛ መምህር፣ አሰላ
ጥፋት፦ ስልኬን ሩት አደረግሁ
ምክንያት፦ (ቦታው አይበቃም፤ ቁጥር 3ን ይመልከቱ)

3.

ስልኩን ስገዛው አንድ የአየር ሁኔታ ነጋሪ መተግበሪያ አብሮት መጣ። ረግጬው የማላውቀው፣ ስሙን እንኳ መጥራት የማልችለው ከተማ በረዶ በጣለ ቁጥር ይደውላል። ክፍል ውስጥ ግስ ሳረባ ይደውላል። ለቅሶ ቤት ይደውላል። ላጠፋው ስሞክር ስልኩ «አይቻልም» ይለኛል።

በገዛ ስልኬ!

4.

ስልክ ጠጋኙን ከድርን አማከርሁት።

ከድር፦ እሱ የሚጠፋው ስልኩ ሩት ከተደረገ ብቻ ነው። ፋብሪካው የቆለፈውን ከፍተን ዋናውን ቁልፍ እንወስዳለን ማለት ነው።

እኔ፦ እንውሰዳ!

ከድር፦ ይቅርብዎ መምህር። የተቆለፈው በእርስዎ ላይ ብቻ አይደለም፣ በሌባም ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አንዴ «ፍቀድ» ያሉት መተግበሪያ እንደ ባለቤት ነው የሚገባው። መልእክት ያነባል፣ በስምዎ ይልካል።

እኔ፦ ስልኩ የማን ነው?

ከድር፦ የእርስዎ።

እኔ፦ በቃ!

5.

አንባቢ ሆይ፣ እንደ እኔ ማድረግ ካማረህ (ባያምርህ ይሻላል)፦

የባልደረባህን ላፕቶፕ ተዋስ። ለምን እንደሆነ አትንገረው።

ፊቱን የማያሳይ ሰው የሠራውን ቪዲዮ ክፈት። እመነው።

ስልኩ «ያለህ ሁሉ ይጠፋል፤ ትቀጥላለህ?» ሲልህ ሊያስፈራራህ ፈልጎ ነው በል። ቀጥል።

ያለህ ሁሉ ይጠፋል።

የአራት ዓመት ፎቶ ሄደ። ያዘጋጀሁት የፈተና ጥያቄ ሄደ። ስልክ ቁጥሮቹ ግን ሲም ካርዱ ላይ ስለነበሩ ተረፉ። ደስ አለኝ። እነሱም ቢጠፉ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ባለቀ።

6.

አየር ነጋሪውን አጠፋሁት።

ጸጥታ።

የቪዲዮው ሰውዬ በመጨረሻ ባትሪ ቆጣቢ መተግበሪያ በነጻ ያድል ነበር። ጫንሁት። «ሙሉ ሥልጣን ይፈቀድልኝ?» አለኝ። እንዲህ በትሕትና የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም።

ፈቀድሁለት።

7.

በማግስቱ፣ በሻይ እረፍት፣ ሁለት መቶ አርባ ሰው ባንድ ጊዜ «ናፍቀሽኛል» ተባለ። ከመጡት መልሶች ጥቂቶቹ፦

የነፍስ አባቴ፦ «ልጄ፣ ቅዳሜ ብቅ በልና እንነጋገር።»

አከራዬ እትዬ ፈለቀች፦ «እዚሁ ግቢ ነኝ እኮ። አሞሃል?»

ወተት የሚያመጡልኝ አቶ በዳሳ፦ «ከነገ ጀምሮ ሁለት ሊትር ይሁን ማለት ነው?»

አቶ ሁንዴ፦ «ቢሮ ና።»

8.

አቶ ሁንዴ፦ ይሄ ምንድን ነው?

እኔ፦ ቫይረስ ነው ጌታዬ።

አቶ ሁንዴ፦ አንተ የአማርኛ መምህር አይደለህም?

እኔ፦ ነኝ።

አቶ ሁንዴ፦ እኔ «ሽ» ነኝ?

ያዳነኝ ይኸው «ሽ» ነው።* ለቀቁኝ። እኔም በሩጫ ወደ ከድር ሱቅ።

* አቶ ሁንዴ ትንሽ አሰቡና፣ «እውነትም አንተ ብትሆን ‘ናፍቀውኛል’ ነበር የምትለው» አሉ።

9.

ከድር «ብዬ ነበር» አላለም። እንዲል ጠብቄ ነበር። ሲም ካርዱን አወጣና አንድ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ከተተው።

«ያኛውን አጥቤ እንደ ፋብሪካው መልሼ እቆልፈዋለሁ። የይለፍ ቃልዎን ሁሉ ይቀይራሉ። መጀመሪያ ግን ለሰዎቹ ይንገሩ፤ ያንን ፎቶ የተጫነ ሰው የእርስዎ ዕጣ ይደርሰዋል።»

ጻፍሁ፦ «እኔ አይደለሁም የላክሁት። አትክፈቱት።» አሮጌው ስልክ ባንድ ጊዜ ለአስር ሰው ብቻ ነው የሚልከው። ስሞቹን ከ«ሀ» ጀምሬ ተያያዝሁት።

«መ» ላይ ስደርስ ስልኩ ጮኸ።

10.

«ሀብቴ፣ አስር ጊዜ አነበብሁት። እኔም ናፍቀኸኛል። ፎቶህ እንዴት እንደሚከፈት ጠፋኝ። ጎረቤቴ ልትከፍትልኝ እየመጣች ነው።»

ታላቅ እህቴ ዘውድነሽ ናት፣ ከናዝሬት። ከተነጋገርን አራት ዓመት አልፎናል። የተጣላነው በእናታችን የልብስ ስፌት መኪና ነው። እኔ ልውሰድ አልሁ፣ እሷ ልውሰድ አለች። ሁለታችንም መርፌ ላይ ክር ማስገባት አንችልም።

«ዘ» ገና ሩቅ ነበር።

11.

ደወልሁ። አታነሣም። በር ልትከፍት ሄዳ ይሆናል።

ረቂቅ አንድ፦ «እታለም፣ አትክፈቺው። እኔ አይደለሁም የላክሁት።»

እውነት ነው። አጠፋሁት።

ረቂቅ ሁለት፦ «እታለም፣ አትክፈቺው።»

ለምን ትላለች። እሷን አውቃታለሁ። ለምን ካለች ደግሞ ትከፍተዋለች።

ከድር፦ መምህር፣ ይፍጠኑ እንጂ!

ሁለት መቶ አርባ ሰው ያስቀየመ ቃል ለአንዲት ሴት ብቻ ልክ ሆኖ ተገኘ። ያኔ የጻፈው ደግሞ እኔ አይደለሁም።

ረቂቅ ሦስት፣ የተላከው፦

«እታለም፣ ፎቶ የሚለውን እንዳትነኪው፤ ሌባ ነው። የመጀመሪያው ቃል ግን የእኔ ነው።»